«ፈጣን ሊምፎማ ነው» ሲባል አለቀ ማለት ነው?



የባዮፕሲ ውጤት ይዘው ከሚመጡ አስታማሚዎች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ በፍጥነት የሚያድግ የሊምፍ ካንሰር ነው ተባልን። በቃ ተስፋ የለውም ማለት ነው?» አንዳንዱማ ሕክምናው ሳይጀመር በሽተኛውን ይዞ ወደ ቤት ለመመለስ ይነሳል። እባካችሁ፣ ከመወሰናችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ሊምፎማ አዝጋሚም ፈጣንም ዓይነት አለው። አዝጋሚው ለዓመታት አብሮ ሊኖር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጨርሶ አይጠፋም። ፈጣኑ ካልታከመ በወራት፣ አንዳንዱም በሳምንታት ይገድላል። ከታከመ ግን ጨርሶ ሊድን ይችላል። ምክንያቱም ኬሞ ይበልጥ የሚመታው በመባዛት ላይ ያሉ ሴሎችን ነው። የበሽታው ፍጥነት ራሱ ለመድኃኒቱ ያጋልጠዋል ማለት ነው።

ቁጥሩን እንይ፦

👉 ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ-ሴል፦ ከፈጣኖቹ በብዛት የሚታየው ይሄ ነው። አር-ቾፕ የሚባለው ሕክምና በየ21 ቀኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ዙር ይሰጣል። ከ10 ታካሚዎች 6 ያህሉ ይድናሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 80 ከሆኑ ታካሚዎች ቾፕ ብቻ ከወሰዱት 57%፣ ሪቱክሲማብ ከተጨመረላቸው ደግሞ 70% ከ2 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ።

👉 በርኪት፦ ልጆች ላይ ይበዛል፤ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የተሟላ ሕክምና በሚገኝበት ቦታ ከ10 ልጆች 9ኙ ይድናሉ።

እርግጥ ሁሉም እኩል ዕድል የለውም። ዕድሜ ከ60 በላይ መሆን፣ የበሽታው መሰራጨት፣ በደም ውስጥ ኤልዲኤች የሚባለው ከፍ ማለቱና በሽተኛው አልጋ ላይ መዋሉ ዕድሉን ይቀንሳሉ። ከነዚህ ውስጥ ዕድሜን መቀየር አንችልም፤ የምንመጣበትን ጊዜ ግን እንችላለን።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚባክነው። የአንገት እብጠት ሲታይ ቀድሞ የሚታሰበው ቲቢ ነው። በአገራችን ቲቢ ስለሚበዛ ማሰቡ ስህተት አይደለም። ስህተቱ ናሙና ሳይወሰድ መድኃኒት ጀምሮ፣ እብጠቱ እያደገም መጠበቅ ነው።

ስለዚህ፦
✔️ የማያም እብጠት በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ በተለይ ትኩሳት፣ ልብስ የሚያርስ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ፣ ታዩ።
✔️ በመርፌ የተወሰደ ናሙና ዓይነቱን ላይለይ ይችላል፤ ባዮፕሲ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።
✔️ እብጠቱ በመጀመሪያው ዙር ቢጠፋም ኬሞውን አታቋርጡ። ጸሎቱም ጸበሉም ዱዓውም ከሕክምናው ጋር ይሂድ።
✔️ በኬሞ ወቅት ትኩሳት 38 ከደረሰ እስከ ጠዋት አትጠብቁ፤ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ።
✔️ ካለቀም በኋላ ቀጠሯችሁን አክብሩ። በሽታው ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነው።

«ፈጣን ነው» ከተባላችሁ እናንተም ፍጠኑ።

ጤና ይብዛላችሁ!