የደመወዝ ጣሪያና ወለል፦ ፍትሕ ከየት ይጀምራል?

በዚህ ዕትም የምንማማረው ስለ ደመወዝ ነው። የአንድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ከጽዳት ሠራተኛዋ ስንት እጥፍ ቢከፈለው አግባብ ነው? በዚህ ላይ ጣሪያ ማበጀትስ ይቻላል ወይ?

ከቅርባችን እንጀምር። ጉንደ ወይን ላይ በገበያ ቀን ጤፍ የሚያወርድ ልጅ ዋጋውን በኩንታል ተነጋግሮ ይሸከማል። ነጋዴው ልጁንም ቤተሰቡንም ያውቃል። ቢበድለው ማታ መንገድ ላይ ይገናኛሉና ያፍራል። በትልቅ ድርጅት ግን ደመወዝ የሚወስነው ቦርድ ጥበቃውን በስሙ እንኳ አያውቀውም። እፍረት የማይደርስበትን ቦታ ሕግ ካልደረሰበት ማን ይደርስበታል?

ቁጥሩን እንይ። በ2017 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ 4,760 ብር፣ ከፍተኛው 21,492 ብር ነበር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ 6,000 እና 39,000 ብር ሆነ። ሁለቱም አድገዋል፤ ምጣኔው ግን ከ4.5 እጥፍ ወደ 6.5 እጥፍ ከፍ ብሏል። ባለሙያን ሥራው ላይ ለማቆየት ይህ ሊያስፈልግ ይችላል። ቢያንስ ግን እርከኑ በግልጽ ይታወቃል። በግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ጣሪያም ወለልም የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢፈቅድም፣ ይህን እስከጻፍንበት ጊዜ ዝቅተኛ ደመወዝ አልተወሰነም።

ሸሪዓችን ምን ይላል? መሠረቱ ስምምነት ነው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የገበያ ዋጋ በናረ ጊዜ እንዲተምኑ ተጠይቀው አልተመኑም። ስለዚህ “ሀብታም ሁሉ ይቆረጥበት” ብለን መነሳት አንችልም። ኢብኑ ተይሚያ ግን ስለ ሒስባ በጻፉት ሥራ፣ የሰዎች ችግር መበዝበዣ ሲሆን መሪው ተመጣጣኙን ዋጋና ክፍያ፣ ማለትም ዑጅረቱል ሚስልን፣ ማስገደድ እንደሚችል አስረድተዋል። ሱረቱል ሐሽር 7ኛው አንቀጽም የፈይእ ገንዘብ ለእነማን እንደሚከፋፈል ሲደነግግ ምክንያቱን ያስቀምጣል፤ ሀብት በባለጸጎች መካከል ብቻ እንዳይዘዋወር ነው።

የሕዝብ ገንዘብ ሲሆን ነገሩ ይጠብቃል። አቡበክር (ረ.ዐ) ኸሊፋ ከሆኑ በኋላም ጨርቅ ተሸክመው ወደ ገበያ ሊወጡ ሲሉ ነው ሰሓቦች ከበይተልማል ለቤተሰባቸው የሚበቃ ወጪ የቆረጡላቸው። መለኪያው የሥልጣኑ ትልቅነት ሳይሆን የሚበቃው መጠን ነበር።

ጣሪያን የሞከሩ አሉ። ብሔራዊ ባንካችን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የባንክ ቦርድ አባላት ክፍያ ላይ ገደብ አስቀምጧል። ስዊዘርላንዶች በ2013 ከፍተኛው ደመወዝ ከዝቅተኛው 12 እጥፍ እንዳይበልጥ ለሕዝብ ድምፅ አቅርበው 65 በመቶ ያህሉ አልተቀበሉትም። አሜሪካ በ1993 ለአንድ ከፍተኛ ሥራ አስፈጻሚ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተከፈለ ደመወዝ ከግብር ሒሳብ ላይ እንዳይቀነስ ደነገገች፤ በውጤት ላይ የተመሠረተ ክፍያን ግን አስቀረች። ኩባንያዎችም ክፍያውን በአክሲዮን መልክ መስጠት አበዙ። ውኃ አንዱን ቦይ ቢዘጉበት በሌላው ይሄዳል። በእኛም አገር ደመወዝ ላይ ብቻ ጣሪያ ቢበጅ፣ አበል፣ የነዳጅ፣ የቤትና የቦነስ ክፍያ በር ይሆናሉ።

ስለዚህ እኛ የሚመስለን እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ወለሉ ይቅደም፤ የሥራ አስኪያጁ መቀነስ ብቻውን የጽዳት ሠራተኛዋን ምሳ አያበላም። ሁለተኛ፣ በሕዝብና በባለአክሲዮኖች ገንዘብ የሚተዳደር ተቋም ጥቅማ ጥቅምን ጨምሮ የላይኛውንና የታችኛውን ክፍያ ምጣኔ በየዓመቱ ይግለጽ፤ ገደብም ይኑረው። ሦስተኛ፣ ግብሩ ይታይ። በ2017ቱ ማሻሻያ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ ሁሉ 35 በመቶ ይከፍላል፤ 15,000 የሚያገኘውም 300,000 የሚያገኘውም የመጨረሻ እርከናቸው አንድ ነው። ዘካት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጋር ያለ ግዴታችን ነው፤ ግን የተከለከለ ደመወዝን አይተካም።

ወንድሞችና እህቶች፤ ከመካከላችን ነገ የግንባታ ሳይት የሚመራ፣ የክፍያ ሠነድ ላይ የሚፈርም ይኖራል። ያን ቀን የራሳችንን መስመር ከማየታችን በፊት ከሥር ያለውን የቀን ሠራተኛ መስመር እናንብብ። ክፍያው በጊዜው ደርሶታል? ይበቃዋል? ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ይህን ለማድረግ የሚከለክለን የለም።

ወላሁ አዕለም።