ባለአክሲዮኑ የሚጠብቀው ወሬ ነውን ወይስ ሰነድ?



በጅጋ ከተማ በአንድ የእህልና የበርበሬ ነጋዴ መደብር በጸሐፊነት ሳገለግል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍ፣ ደረሰኝ ማስቀመጥና መዝገብ መያዝ በመሆኑ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የሚመጡ ደንበኞቻችን የዕቃ ሒሳባቸውን ከጨረሱ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ያሳዩኛል። ይኸውም የአክሲዮን ደረሰኝ ነው። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ምን አዲስ ነገር ተሰማ?» ይላሉ። ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ነጋዴ ወሬ መስማት ልማዱ ነው። «የበርበሬ ዋጋ በአዲስ አበባ ጨመረ» ሲባል ስልክ ደውሎ ያረጋግጣል፤ ጆንያውን ፈትቶ ቀለሙንና ድርቀቱን ያያል፤ ወሬው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ዕቃው በመጋዘኑ አለ። አክሲዮን ግን እንዲህ አይደለም። አክሲዮን የገዛ ሰው የያዘው ዕቃ ሳይሆን በአንድ ማኅበር ሀብትና ትርፍ ላይ ያለውን መብት ነው። ማኅበሩ ገና ሥራ ያልጀመረ፣ ወይም ከዚህ በፊት በገበያ ያልታየ አዲስ ነገር እሠራለሁ የሚል ሲሆን፣ ያ መብት ወደፊት በሚሆነው ነገር ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የዚህን ጆንያ አፍ መፍታት የሚቻለው በሰነድ ብቻ ነው። ሰነድ የምንለውም ማኅበሩ ፈርሞ ያወጣውን፣ የሒሳብ መርማሪ ያየውን፣ ስሕተት ቢገኝበት በሕግ የሚጠየቅበትን ጽሑፍ ነው።

በመጀመሪያ ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ እናንሣ። በካናዳ አገር በኖቫ ስኮሺያ ሜታ ማቴሪያልስ የሚባል ማኅበር ነበር። ሥራው በተፈጥሮ የማይገኝ ጠባይ ያላቸው አዳዲስ ቁሶችን ማዘጋጀት ነበር። ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ያነሱ እጅግ ጥቃቅን ቅርጾች በስስ ሽፋን ላይ ሲሠሩ፣ ብርሃንን ወይም የሬዲዮን ሞገድ እንደተፈለገው ማጠፍና ማገድ ይቻላል። ይህ እውነተኛ ሳይንስ ነው። ነገር ግን እውነተኛ ሳይንስ ሁሉ ወዲያው ትርፍ የሚያስገኝ ንግድ አይሆንም፤ የማኅበሩም ዓመታዊ ሒሳብ ኪሳራን ያሳይ ነበር።

ይህ ማኅበር እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ቶርችላይት ኢነርጂ ከተባለ የቴክሳስ የነዳጅ ፍለጋ ማኅበር ጋር ተዋሐደ፤ አክሲዮኑም በአሜሪካ ናስዳክ ገበያ ይሸጥ ጀመር። የቶርችላይት የቀድሞ ባለአክሲዮኖች ደግሞ ከነዳጁ መሬት ዋጋ ጋር የተያያዘ ሌላ ልዩ አክሲዮን ተሰጣቸው። ይህ ልዩ አክሲዮን ከዋናው ገበያ ውጭ በሚደረግ ግብይት መሸጥና መለወጥ ስለ ጀመረ፣ ብዙ ትንንሽ ገዢዎች ዋጋው ሊወጣ ነው የሚለውን ወሬ ሰምተው ገዙት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2022 ግን የአክሲዮን ሻጮችን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ግብይቱን በድንገት አገደ። ገዢዎቹ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እያሉ ቢጠብቁም፣ ልዩው አክሲዮን ተሰርዞ በምትኩ በየትኛውም የአክሲዮን ገበያ የማይሸጥ የአንድ አዲስ የነዳጅ ማኅበር አክሲዮን ደረሳቸው።

ዋናው ማኅበርም በዚህ አልዳነም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ዋጋው እጅግ ስለ ወደቀ መቶው አክሲዮን ተጠቅልሎ አንድ አክሲዮን ሆነ። በዚያው ዓመት በጁን የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ማኅበሩን ገበያውን በማወናበድ ከሰሰው፤ ማኅበሩም ክሱን ሳያምንም ሳይክድም አንድ ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በኦገስት ወር ኪሳራውን አስታውቆ ንብረቱ ተሸጦ ለዕዳ እንዲውል ለፍርድ ቤት አመለከተ። እንዲህ ባለ ጊዜ በመጀመሪያ የሚከፈለው ገንዘብ ያበደረው ሰው ነው፤ ባለአክሲዮን በሰልፉ መጨረሻ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም ለእርሱ የሚተርፍ ነገር አይኖርም።

ይህን አይቶ መጠበቅ ሁሉ ሞኝነት ነው የሚል ቢኖር ግን ይሳሳታል። የሐበሻ ሲሚንቶ አክሲዮን ማኅበር ምስክር ነው። ከ16,000 የሚበልጡ ባለአክሲዮኖች ገንዘባቸውን አዋጥተው ፋብሪካው እስኪቆም ድረስ ብዙ ዓመታት ጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለት የደቡብ አፍሪካ ድርጅቶች፣ ማለት ፒፒሲ የተባለው የሲሚንቶ ማኅበርና የኢንዱስትሪ ልማት ኮርፖሬሽን፣ ባለድርሻ ሆነው ገቡ፤ የኢትዮጵያ ልማት ባንክም አበደረ። በሆለታ አጠገብ የተሠራው ፋብሪካ የተመረቀው በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ነው። ልዩነቱን እናስተውል። እዚህ የጠበቀው ሰው በየደረጃው ሊያየው የሚችል ነገር ነበረው፤ የተፈረመ ውል፣ የባንክ ብድር፣ በመጨረሻም የቆመ ፋብሪካ።

በዚሁ አጋጣሚ ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ላመልክት። አዲስ ባለገንዘብ በአዲስ አክሲዮን ወደ ማኅበር ሲገባ የነባሩ ሰው የወረቀት ቍጥር አይቀንስም፤ ከጠቅላላው የሚደርሰው እጅ ግን ይቀንሳል። ከ1,000 አክሲዮኖች 10 የነበረው ሰው የማኅበሩ መቶኛ እጅ ባለቤት ነው። ሌላ 1,000 አዲስ አክሲዮን ቢሸጥ፣ አሁንም 10 አክሲዮን ቢኖረውም ድርሻው ሁለት መቶኛ እጅ ይሆናል፤ ማለት በግማሽ ቀንሷል። አዲሱ ገንዘብ ሥራውን የሚያሳድግ ከሆነ ይህ ጉዳት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን «ትልቅ ባለሀብት ገባ» የሚለው ወሬ ብቻውን የምሥራች አይደለም፤ በስንት ዋጋ ገባ? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ፤ ከሌላው ሰው ታሪክ ይልቅ ያስተማረኝ ይህ ነውና። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አንድ ለመቋቋም ላይ ያለ ማኅበር አክሲዮን ሲሸጥ እኔም ገዛሁ። በገበያችን በርበሬ የሚነግዱ አንዲት እናትም እንዲገቡበት መከርኋቸው። እርሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ቅጹን በእጄ ሞላሁላቸው። 5,000 ብራቸውን ሲቈጥሩ፣ «ልጄ፣ ወረቀቱን ያነበብኸው አንተ ነህ፤ እኔ የማውቀው አንተን ነው» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያነበብሁት የፋብሪካ ሥዕል ያለበትን ማስታወቂያ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ስልክ ስንደውል «በቅርቡ» ይሉናል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አንዱ መሣሪያው ጅቡቲ ደረሰ ይላል፤ ሌላው አክሲዮኑ በእጥፍ ይሸጣል ይላል። ሴትዮዋም በመደብራችን ባለፉ ቍጥር ቆም ብለው «ወሬ አለ?» ይሉኛል። በመጨረሻ ባለቤታቸው ታመው ገንዘቡ ሲያስፈልጋቸው፣ ያን ጊዜ ገና ለማኅበሩ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍሁ። መልሱ መጣ። ጠቅላላ ጉባኤው ከሁለት ዓመት በፊት ተደርጎ ነበር፤ ጥሪው በአንድ ጋዜጣ ወጥቶ ነበር፤ የፋብሪካው ሐሳብ ተትቶ ነበር፤ ያለው ገንዘብም ለወጪና ለዕዳ ውሎ ነበር። እኛ ወሬ ስንጠብቅ ወሬው ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር ማለት ነው። ጋዜጣው ወደ ጅጋ አይደርስም፤ እኔም ከማንም ልኮልኝ እንዲያነብልኝ አልጠየቅሁም። የሴትዮዋን ገንዘብ ከደመወዜ ከፋፍዬ መለስሁ። ደረሰኛቸው ዛሬም በእኔ ሣጥን ውስጥ ነው።

የዛሬው ጊዜ ከዚያን ጊዜ የተሻለ መሆኑን መካድ አይገባም። በ1967 ዓ.ም. ድርጅቶች ከተወረሱ በኋላ የአክሲዮን ገበያ በአገራችን ለረጅም ዘመን አልነበረም፤ ስለዚህ አባቶቻችን ለእኛ ያስተላለፉት ልምድ ጥቂት ነው። በ2013 ዓ.ም. ግን አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቍጥር 1243፣ የካፒታል ገበያ ሕግም በአዋጅ ቍጥር 1248 ወጡ፤ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም ተቋቋመ። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲከፈት በመጀመሪያ የተመዘገበው የወጋገን ባንክ ነው። ኢትዮ ቴሌኮምም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለት 9,900 ብር ነበር። 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን በ3.2 ቢሊዮን ብር ገዙ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ሆኖም ገበያ መኖሩ መሸጫ ቦታ ይሰጣል እንጂ ትርፍን ዋስ አይሆንም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባል።

አንደኛ፤ ማኅበሩ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ አውጥቷልን? በካፒታል ገበያ ባለሥልጣንስ ተመዝግቧልን? የጋዜጣ ማስታወቂያና ሥዕል መግለጫ አይደሉም።

ሁለተኛ፤ ከታሰበው ዋና ገንዘብ ውስጥ ለመክፈል የተፈረመው ስንት ነው? በእውነት የተከፈለውስ ስንት ነው? እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛ፤ የሚሠራው ነገር ተሠርቶ ታይቷልን? የገዛው ደንበኛስ አለን? በቤተ ሙከራ የሚሠራ ነገርና በመጋዘን የሚሸጥ ነገር የተለያዩ ናቸው።

አራተኛ፤ ያለፈው ዓመት ሒሳብ በውጭ መርማሪ ታይቷልን? ትርፍ ነው ወይስ ኪሳራ?

አምስተኛ፤ ገንዘቡ ቢያስፈልገኝ ለማን እሸጣለሁ? በምን ሥርዓት?

ስድስተኛ፤ የጉባኤ ጥሪ በምን ይደርሰኛል? በጋዜጣ ከሆነ ማን ያነብልኛል?

ቀድሞ የገዛ ሰው ደግሞ በቃል መጠየቁን ትቶ በደብዳቤ ይጠይቅ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የደረሰኙን ቍጥርና ቀን፣ የአክሲዮኑን ብዛት ይግለጽ፤ የመጨረሻው ጉባኤ ቃለ ጉባኤና የተመረመረው ሒሳብ ግልባጭ እንዲላክለት ይጠይቅ፤ አድራሻውን ያድስ። ቅጂውን ከደረሰኙ ጋር አያይዞ ያስቀምጥ፤ መልስ የሚጠብቅበትንም ቀን በቀን መቍጠሪያው ላይ ያመልክት። ቀኑ ካለፈ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ያም ካለፈ ወደ ሕግ አዋቂ ይሂድ።

ከሁሉም በላይ የበርበሬ መግዣ ገንዘብ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና የሕክምና መጠባበቂያ ለዚህ ዓይነት ጉዳይ አይውሉ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለዚህ ነው። ለብዙ ዓመት ባይመለስ ቤትን የማያናጋውን ገንዘብ ብቻ ማዋል ይገባል።

በየሱቁ ጸሐፊ የሆናችሁ ባልደረቦቼ ሆይ፤ ማንበብ የማይችል ደንበኛ ቅጽ ሙሉልኝ ሲላችሁ እስክሪብቶውን ከማንሣታችሁ በፊት መግለጫውን እስከ መጨረሻው አንብቡለት። መግለጫ ከሌለውም የለውም በሉት። ይህንኑ በትሕትና አሳስባለሁ።