የፓተንት ዋጋ እንዴት ይገመታል?

በጁባ ከተማ እንጀራ ጋግሮ ለሚሸጥ ሰው ጤፍ የዕለት መተዳደሪያው ነው። በዚሁ እህል ዱቄት ላይ በአውሮፓ ፓተንት ተሰጥቶ እንደ ነበር የሰማ ሁሉ፣ እንዲህ ያለ መብት ምን ያህል ያወጣል፣ እኔንስ ይመለከተኛልን ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ፓተንት ማለት አዲስ ነገር የፈለሰፈ ሰው፣ ሌላው ያለ ፈቃዱ በፈጠራው እንዳይጠቀም ለተወሰነ ዘመን የሚከለክልበት፣ ከመንግሥት የሚሰጥ መብት ነው። በዓመት የተሰጡትን ፓተንቶች ቈጥሮ የአንድን አገር የፈጠራ ችሎታ መመዘን የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ቍጥሩ ብቻውን አያስተማምንም። ከተመዘገቡት አብዛኞቹ እምብዛም ጥቅም ሳይሰጡ ዘመናቸው ያልፋል፤ ታላቅ ሀብት የሚያመጡት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ሊቃውንት ሌላ መለኪያ ፈለጉ። በአውሮፓ ባለመብቱ ፓተንቱን ለማቆየት በየዓመቱ ይከፍላል፤ ክፍያውም ዘመኑ በገፋ ቍጥር እየከበደ ይሄዳል። እንግዲህ መክፈሉን የተወበት ዓመት፣ የሚጠብቀው ጥቅም ከክፍያው ማነሱን ይመሰክራል። ሁለተኛው መንገድ የወደፊቱን ገቢ ማስላት ነው። በየዓመቱ መጨረሻ 100 ብር ለ5 ዓመት የሚያስገኝ መብት፣ ወለዱ ከመቶ 10 ቢሆን፣ ዛሬ የሚያወጣው 500 ብር ሳይሆን 379 ብር ያህል ነው። ከዚህም ላይ መብቱ በፍርድ ቤት የሚሻርበት ሥጋት ተገምቶ ይቀነሳል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው።

የጤፍ ጉዳይ ነገሩን ያስረዳል። በ1997 ዓ.ም. (ዘመኑ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው) የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተዋዋሉ፤ ይኸውም ኩባንያው በጤፍ ዘር እንዲጠቀምና ከሚያገኘው ድርሻ እንዲከፍል ነበር። በ1999 ዓ.ም. የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንቱን ሰጠው። የጤፍ ዱቄት በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የነበረ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። በወረቀት ላይ ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ሆኖም በ2001 ዓ.ም. ኩባንያው ከሠረ፤ ለኢትዮጵያ የደረሰውም ገንዘብ 4,000 ዩሮ ያህል ብቻ ነው። ፓተንቱ ግን ከኩባንያው ጋር አልጠፋም፤ ወደ ሌላ ድርጅት ተላለፈ። በመጨረሻም ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. በዘ ሄግ የተሰየመው ፍርድ ቤት፣ ነገሩ ፈጠራ ሊባል የሚበቃ አይደለም ብሎ በሆላንድ ውስጥ ያለውን መብት ሻረው።

ፓተንት የሚጸናው በተሰጠበት አገር ብቻ ስለ ሆነ፣ ያ ፓተንት የጁባን ጋጋሪ ከቶ አልነካውም። የተባለውን ዐይነት ዱቄት ወደ ሆላንድ ሊልክ ያሰበ ነጋዴ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ከባለመብቱ ጋር ክርክር ሊገጥመው ይችል ነበር። ስለዚህ በፓተንት ላይ ውል የሚፈርም ባለሥልጣን ወይም ነጋዴ፣ መብቱ በየትኞቹ አገሮች እንደሚጸና፣ ዓመታዊው ክፍያ መከፈሉን፣ ባለቤቱ ቢከስርም ለማን እንደሚተላለፍ አስቀድሞ ይጠይቅ። የኢትዮጵያ አዋጅ ቍጥር 123/1987 በበኩሉ ለፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሚገባ እየተሠራበት መሆኑ ሲረጋገጥም 5 ዓመት ይጨምርለታል።