ታቦቱ በሠረገላ ሲጫን

ንጉሥ ዳዊት የእግዚአብሔርን ታቦት ወደ ኢየሩሳሌም ለማምጣት ማሰቡ መልካም ነበር። 30,000 ሰው ሰበሰበ፤ ታቦቱም በአዲስ ሠረገላ ተጫነ። ነገር ግን የቀዓት ልጆች በትከሻ እንዲሸከሙት ታዝዞ ነበር (ዘኍ. 7፥9)፤ ሠረገላው የፍልስጥኤማውያን ዘዴ ነው። በሬዎቹ ሲደናቀፉ ዖዛ ታቦቱን ያዘ፤ ሞተም (2ኛ ሳሙ. 6)። ዖዛ ክፉ አላሰበም፤ ታሪኩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በጥምቀት ዕለት ታቦት በካህን ራስ ላይ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ሾዋክ የስደተኞች ጉዳይ ሲታይባት የኖረች ከተማ ናት። ስለዚህ የእኛ ሠረገላ ብዙ ጊዜ የራሽን ካርድ ነው። አንዱ የሌለ ልጅ ስም ያስመዘግብና በትርፉ ማሽላ ለልጆቹ ደብተር ይገዛል፤ ሌላው ከዚያው ላይ መባ ይሰጣል። የተራበ ሰው ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኛ አንፈርድም። ማሽላው ግን ከሌላ ቤት ድርሻ የተቀነሰ ነው፤ ያም ቤት ልጆች አሉት። እናቱን ለመርዳት ብሎ ፈተና የሚኮርጅ ተማሪም እንዲሁ የጓደኛውን ቦታ ይወስዳል።

ታዲያ ደብተሩ ይቅር? አይቅር። ለካምፑ ኮሚቴ ማመልከት፣ በሰፈር አዋጥቶ መግዛት፣ አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ማንበብ ይቻላል። መንገዱ ይረዝማል።

ዳዊትም ታቦቱን አልተወውም። ከሦስት ወር በኋላ ሌዋውያንን ጠራ፤ በመሎጊያ፣ በትከሻቸው ተሸከሙት (1ኛ ዜና 15፥15)። ስድስት እርምጃ እንደ ሄዱም ንጉሡ መሥዋዕት አቀረበ።