ስለ ኬፕ ፈር ሲል ክብደትና ዕድሜ

ፈር ሲል የተባለው ባለ ጠጉር የባሕር እንስሳ የሚገኘው በበረዶ አገር ብቻ ይመስለን ይሆናል። ዳሩ ግን «ኬፕ» የሚባለው ዝርያ የሚኖረው በዚሁ በአህጉራችን፣ በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ የባሕር ጠረፍ ነው።

ወንዱ ርዝመቱ ከ2 ሜትር ያልፋል፤ ክብደቱም ከ200 እስከ 300 ኪሎ ነው። ባለ 50 ኪሎ ጆንያ እህል አምስት ያህል ማለት ነው። ሴቷ ግን ከ40 እስከ 80 ኪሎ ብቻ ትመዝናለች። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በመራቢያው ወራት ወንዱ የያዘውን ቦታ ላለማስነጠቅ ለሳምንታት ወደ ባሕር ሳይወርድ፣ ሳይበላ ይከርማል። ስንቁ በገላው ያከማቸው ስብ ነው።

ግልገሉ በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ ጥቁር ሆኖ ይወለዳል፤ ያን ጊዜ 6 ኪሎ ያህል ነው። እናቱ ምግብ ፍለጋ ለቀናት ትለየዋለች። ስትመለስ ከብዙ ሺህ ግልገሎች መካከል እየተጣራች ልጇን በድምፁ ትለየዋለች፤ ቀርባም አሽትታ ታረጋግጣለች። የሌላዋን ልጅ ብዙውን ጊዜ ነክሳ ታባርራለች እንጂ አታጠባም። ስለዚህ እናቱ ባሕር ላይ የቀረችበት ጨቅላ የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው።

ዕድሜያቸው 20 ዓመት ገደማ ሊደርስ ይችላል። ይህ እንዴት ታወቀ ቢሉ፣ የሞተው እንስሳ ጥርስ ተሰንጥቆ ሲታይ በየዓመቱ የተጨመረው ንብርብር እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ስለሚቆጠር ነው።