«አሪርስ» በውል ላይ
በደቡብ ሱዳን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ከጁባ ከዓባይ ማዶ፣ በኒሙሌ መንገድ ላይ ባለችው ጉምቦ ከብት በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ «አሪርስ» የሚለውን ቃል ውል ላይ ያገኘዋል። ውዝፍ ማለት ነው፤ የመክፈያ ቀኑ ያለፈ ዕዳ። ዕዳ ሁሉ ግን ውዝፍ አይደለም። ገዢው 6,000,000 ፓውንድ በ3 ወር እኩል ሊከፍል ተዋውሎ የመጀመሪያውን ቀን ካሳለፈ፣ አሪርሱ 2,000,000 ብቻ ነው።

አሳሳቹ «ኢን አሪርስ» ነው። ስለ ተበዳሪ ሲነገር ውዝፍ አለበት ማለት ነው። «ክፍያው በየወሩ ኢን አሪርስ ይፈጸማል» ሲባል ግን ያጠፋ ሰው የለም፤ ክፍያው ከርክክብ በኋላ፣ በወሩ መጨረሻ ነው ማለት ነው። ለሥጋ ቤት በየሳምንቱ በሬ የሚያቀርብ ሰው ይህን ሳያስተውል ከፈረመ፣ ወሩን ሙሉ መኖውንም የእረኛውንም ደመወዝ ከኪሱ ይሸፍናል፤ ዘገየብኝ ብሎ መክሰስም አይችልም።

ውዝፍ ሲቆይ ዋጋው ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 መንግሥት ቋሚውን ምንዛሪ ሲተው፣ 1 ዶላር ከ3 ፓውንድ ገደማ ወደ 18 ገደማ ዘለለ። 10,000 ዶላር ያህል የነበረ የ30,000 ፓውንድ ውዝፍ 1,700 ዶላር እንኳ አልሞላም። ውሉ ላይ በዶላር ያልተተመነ ዕዳ ያለው ሻጭ የሚጠይቀው ያንኑ የፓውንድ ቁጥር ነው።