ሰርቨሩን ከመክፈታችን በፊት በሩን እንዝጋ

ውድ እህቶቼ፣ የማኅበራችን ገጽ ለምን ሦስት ቀን ሙሉ ጠፋ ብላችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ያጠፋሁት እኔው ነኝ። የፓስፖርት ቁጥራችሁና ከማዳም ቤት የወጡ እህቶች ያረፉበት ሰፈር የተጻፈበትን መዝገብ፣ በስህተት ሰው ሁሉ በሚያየው ፎልደር ውስጥ አስቀምጬው ኖሯል። አንዲት እህት በስልኳ ከፍታ አየችውና ደወለችልኝ። እግሬ ተንቀጠቀጠ። መዝገቡ ክፉ ሰው እጅ ቢገባ ምን እንደሚከተል ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሰርቨሩን ከመጀመሪያው እንደገና አዘጋጀሁት። ኮንትራቴ ሲያልቅ ከእናንተ አንዷ ስለምትረከበኝ፣ የሠራሁትን በየተራው ልጻፍላችሁ።

ሰርቨር ማለት ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው። የእኛ የሚሠራው በኡቡንቱ ነው። ኡቡንቱ ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው በሊኑክስ ላይ የቆመ ነው፤ በነፃ ይገኛል።

1ኛ/ ማደስ። ከሁሉ በፊት «አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «አፕት አፕግሬድ» የሚሉትን ትእዛዞች ስጡ። የመጀመሪያው ምን አዲስ እንደወጣ ዝርዝሩን ያመጣል፤ ሁለተኛው ይጭነዋል። ሌቦች የሚገቡት ብዙ ጊዜ ታውቆ ሳይደፈን በቀረ ቀዳዳ ነው።

2ኛ/ «ሩት»ን መተው። ሩት ማለት ቤቱን ሁሉ ማፍረስ የሚችል ባለሥልጣን ነው። ለራሳችሁ ሌላ ስም ፍጠሩ፤ ሥልጣን በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ «ሱዶ» በሉ።

3ኛ/ ቁልፍ። ከሩቅ የምንገባው በ«ኤስኤስኤች» ነው። በላፕቶፓችሁ ላይ ጥንድ ቁልፍ ሥሩ፤ የአደባባዩን ሰርቨሩ ላይ አድርጉ፣ ምስጢሩን ለማንም አትስጡ። ከዚያ በፓስወርድ መግባትንና በሩት መግባትን ዝጉ። አደራ! የገባችሁበትን መስኮት ሳትዘጉ በሌላ መስኮት በቁልፉ መግባታችሁን ሞክሩ፤ አለዚያ ራሳችሁ ደጅ ትቀራላችሁ።

4ኛ/ ፋየርዎል። ሰርቨር በሮች አሉት፤ ፖርት ይባላሉ። ለእኛ ሦስት ይበቁናል፦ 22 ለኤስኤስኤች፣ 80 እና 443 ለድረ ገጽ። የቀረው ከውጭ ይዘጋ፤ በተለይ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ በር 3306። እዚህም 22ን ሳትፈቅዱ ፋየርዎሉን እንዳታበሩ።

5ኛ/ አፓቼና ፈቃድ። ድረ ገጹን ለሰው የሚያቀርበው አፓቼ ነው። አፓቼ የሚሠራው በተራ ተጠቃሚ ስም ነው፤ ፋይሎቹን ማንበብ ይበቃዋል፣ መጻፍ አያስፈልገውም። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ተደምረው ፈቃድ ይሆናሉ። ለፎልደር 755፣ ለፋይል 644 ስጡ። 777 ማለት ቤቱን ለመንገደኛ ሁሉ መልቀቅ ነው። የእኔ ጥፋት ግን ከዚህም ይቀድማል፦ ምስጢር የሆነ ነገር በድረ ገጹ ፎልደር ውስጥ ጭራሽ አይቀመጥም። ስሙን ማንም አያውቀውም ብላችሁም አትታለሉ። አሁን መዝገባችን ሰርቨሩ ላይ የለም።

6ኛ/ ሰርተፊኬት። በ443 የሚያልፈው ጽሑፍ መንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚያደርገውን ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይሰጣል። ጊዜው ስለሚያልፍ በራሱ እንዲታደስ አድርጉት።

7ኛ/ ማየት። አፓቼ ማን ምን እንደከፈተ በ«ሎግ» ይጽፋል። በዚያ ቀን መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ እሱ ነበር። መዝገቡ የተከፈተው ከአንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ ሰዓቱም እህታችን ከፈትኩት ካለችኝ ሰዓት ጋር ገጠመ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እህቶቼ፣ በዚያ መዝገብ ስማችሁ ያለ ሁሉ ይቅርታ አድርጉልኝ። መማር የምትፈልግ እሁድ ከስብሰባ በኋላ ትምጣ፤ አብረን እንሠራለን። እኔም የጀመርኩት ምንም ሳላውቅ ነው እኮ።

እህታችሁ